ጥዩፉ ገብረሕይወትና የኑሃሚን ቡችላ

ገብረሕይወት ጥዩፍ ነው። ይኼን የምታውቀው ሚስቱ ማራኪ ብቻ አይደለችም፤ አትላንታ ውስጥ አንድ ጊዜ አብሮት ማዕድ የቀረበ ሁሉ ያውቃል። ሰው ቤት ተጋብዞ ውሃ ሲሰጡት ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዙሪያውን ሳያይ አይጠጣም። ባለቤቶቹ ይፈሩ፣ ይቀየሙ፣ ምን ቸገረው! ኮንየርስ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሃያ ስድስት ዓመት ፎርክሊፍት ሲነዳ ምሳውን አንድም ቀን አሙቆ አልበላም፤ ሰው ሁሉ ዓሣውን ባፈነዳበት ማይክሮዌቭ የእሱ ምግብ አይገባም። የሕዝብ በር የሚከፍተው በክርኑ ነው። ልጆቹ ሕፃን ሳሉ ዳይፐር ቀይር ሲባል አፍንጫውን ይዞ ወደ ደጅ ይሮጥ ነበር፤ ማራኪ ይኼንን እስከ ዛሬ አልማረችውም።

እንግዲህ ውሻ የገባው እንዲህ ያለ ሰው ቤት ነው።

ያመጣችው ትልቋ ልጁ ኑሃሚን ናት። ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ነርስ ናት። ጥር ላይ ሠርጓ ሦስት ወር ሲቀረው እጮኛዋ በአንድ ቴክስት ሐሳቡን ቀየረ፤ የሰው ዘር አይደለም። ኑሃሚን አፓርትመንቷን ለቃ አባትና እናቷ ቤት ተመለሰችና ፎቅ ላይ ያለችው የድሮ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ከሥራ ትመጣለች፣ ራቷን በትሪ ይዛ ትወጣለች፣ በሩ ይዘጋል። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። ማራኪ አለቀሰች፣ ተሳለች፣ ጸበል አመጣች። ገብረሕይወት ደግሞ ማልቀስም አያውቅበትም፤ ደረጃው ሥር ቆሞ የበሩን ድምፅ ያዳምጣል።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ያቺው ልጅ ፎጣ ታቅፋ እየሳቀች ገባች። እየሳቀች! ከፎጣው ውስጥ አንድ ቡናማ ቡችላ አንገቱን ብቅ አድርጎ አገጯን ይልሳል።

«አባዬ፣ እየው እስቲ! ኦሊቨር ይባላል።»

«የሰው ስም አወጣሽለት?» አለ ገብረሕይወት። ዓይኑ አገጯ ላይ ከሚያብረቀርቀው ምራቅ አልነቀል አለ።

«ስማኝ አባዬ፣ እምቢ ካልክ አልቀየምህም፣ ሲሪየስሊ። ሌላ አፓርትመንት ፈልጌ እወጣለሁ። እሱን ግን አልመልሰውም።»

ምን ይበል? ሰባት ወር ያልሰማውን ሳቅ ገና አሁን ሰምቷል። ይቺ ልጅ ከዚህ ቤት ወጥታ ብቻዋን በሌላ በር ስትዘጋ ታየው። «እሺ፣ ይቀመጥ» አለ፤ ብሎም እጁን ታጠበ፤ ቡችላውን አልነካውም፣ ግን ታጠበ።

በዚያው ሰሞን ማራኪ ሁለተኛዋን ልጃቸውን ልታርስ ዳላስ ሄደች። ኑሃሚን ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ለአሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሆስፒታል ናት። ገብረሕይወት ጉልበቱ እምቢ ብሎት ጡረታ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ቡችላውን ማን ያሠለጥን? ማንም ሊነግረው አላስፈለገም። ኑሃሚን ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፈችለት፤ የዛሬ ልጅ አማርኛዋን ስትጽፍ ፊደሉ ያዘመመ ነው፣ ግን ይነበባል። በየሁለት ሰዓቱ ወደ ደጅ ይውጣ። አይመታ፤ አይጮኽበት። ሲታዘዝ ይመስገን። ከታች ደግሞ በቀይ ቀለም፦ «ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ የተቀቀለ አጥንት፣ መርዝ ነው!!! ሐኪሙ ነው ያለው።»

«ሽንኩርት ከከለከላችሁት ሐበሻ ቤት ምን ሊበላ ነው?» አለ ገብረሕይወት።

«የራሱ ምግብ አለው።» በጆንያ ያለ ቡናማ ጠጠር አሳየችው። አሸተተውና ፊቱን አጨፈገገ።

እግዚኦ፣ የዚያ የመጀመሪያው ወር! ቡችላው ምንጣፍ ላይ ሸና፤ ምንጣፉ ሲታጠብ ሶፋው ሥር ሸና። የገብረሕይወትን የቤተ ክርስቲያን ጫማ አፉ ውስጥ አሽቶ አለሰለሰው። ጓሮ ወስዶ ያቆመዋል፤ ያ ምን ቸገረኝ ባይ ውሻ ዙሪያውን አሽትቶ፣ ቢራቢሮ አባርሮ፣ ቤት ተመልሶ ገብቶ ወጥ ቤቱ መሐል ቁጭ ይላል። ወለሉ በበረኪና ብዛት ነጣ። ገብረሕይወት ጓንት በጓንት ላይ ደርቦ፣ የኮቪድ ጊዜ ጭምብሉን አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠርጋል። ወሩን ሙሉ ስጋ አልበላም፤ ጾም ሆኖ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን የሰፈሩ መንገድ ላይ ማንሳቱ ነው። እዚህ አገር ውሻህ የጣለውን በፌስታል፣ በገዛ እጅህ ታነሳለህ። ገብረሕይወት በእጁ የውሻ አር ሊያነሳ! መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሦስት ጊዜ ቀና አለ። በመጨረሻ ትንፋሹን ውጦ ያዘው። ሙቀቱ ፌስታሉን አልፎ መዳፉ ላይ ሲሰማው ሰው አጥር ሥር ቁርሱን መለሰው። እሱንም ማንሳት ሊኖርበት ነው እንዴ? ወረቀቱ ስለ እሱ ምንም አይልም። በውሃ አጠበው።

ይባስ ብሎ ያን ጊዜ አንድ መኪና አጠገቡ ዝግ አለ። ዳኛቸው ነው፤ የማኅበር ወንድሙ፣ ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖር፣ አንድ ነገር ካየ እስኪያወራው የሚያንቀጠቅጠው ሰው።

«ገብሬ! ምን ይዘህ ነው?»

«አር!» አለ ገብረሕይወት በንዴት፣ ፌስታሉን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ። «ትፈልጋለህ?»

ዳኛቸው ሳቁ እስኪያንቀው ስቆ ሄደ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። «ሞግዚት ሆንክ አሉ» እያሉ እጁን የሚጨብጡት ሰዎች መዳፉን አየት ያደርጋሉ። በሕይወቱ ሁሉ ሌላውን ሲጠየፍ የኖረ ሰው በተራው ሲጠየፉት ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አወቀ። ቤቱ ገብቶ ቡችላውን «አንተ ውሻ!» ብሎ ሰደበው። ኦሊቨር ጭራውን ቆላ።

ምግቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነበር። ያ ፍጡር ሳህኑ መሬት ሳይደርስ ይዘላል፤ አፍንጫው እርጥብ ነው፤ ምላሱ የሰው ጣት ይልሳል። አንድ ጊዜ የገብረሕይወትን አውራ ጣት ላሰው። ገብረሕይወት ጣቱን በኦሞ፣ ከዚያ በሎሚ፣ ከዚያ በአልኮል አጥቦ፣ ራት ሲበላ ያቺን ጣት ቀና አድርጎ በአራት ጣት ጎረሰ።

ከዚያ ወዲያ ነው ብልሃት ያበጀው። «እኔ ለውሻ ብዬ እንግሊዝኛ አላወራም፤ ከፈለገ እሱ ይማር» አለና በአማርኛ ጀመረ። ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ ጠጠሩን ይጨምራል። «ቁጭ!» ከተነሳ ሳህኑን ያነሳበታል። «ተው!» ከተጠጋ ያነሳበታል። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ እጁን ጀርባው ላይ ሸሽጎ፣ ቡችላው ፀጥ ብሎ ዓይን ዓይኑን ሲያይ ብቻ «ብላ!» ይለዋል። ዓላማው ሌላ አይደለም፤ ያ እርጥብ አፍ ከእጁ እንዲርቅ ነው። ግን ጥዩፍ ሰው ሲጠየፍ ትዕግሥቱ አያልቅም። ጠዋት፣ ማታ፣ ጠዋት፣ ማታ። አምስት ሳምንት ሲሞላ ኦሊቨር ስጋ ከፊቱ ቢጥሉለት የገብረሕይወትን ቃል ሳይሰማ ምላሱን አያወጣም።

ኑሃሚን ስታየው አፏን ይዛ ቀረች። እሷ «ብላ» ብትለውም አይበላም! ዞሮ ገብረሕይወትን ያያል። ጓደኞቿን ጠርታ አሳየች፤ በስልኳ ቀረጸችው። ራቷን በትሪ መያዟን ትታ ታች ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መብላት ጀመረች፤ ሥራ ቦታ የዋለችውን ታወራለች፤ በሩ ፎቅ ላይ ክፍት ሆኖ ይውላል። አንድ ማታ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ «ታውቃለህ አባዬ፣ ካንተ ጋር ስተወው ምንም አላስብም። የማምነው ሰው ጠፍቶብኝ ነበር» አለችው። ገብረሕይወት ጉሮሮውን ጠረገና ስለ አየሩ አወራ።

ጥቅምት ላይ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ተራው እሱ ቤት ደረሰ። ማራኪ የለችም፤ ሴቶቹ «አንተ ቤቱን ብቻ አዘጋጅ» ብለው ወጡን ሠርተው አመጡ። ቅዳሜ ነው፤ ኑሃሚን ሥራ ናት። ጽዋ በሚገባበት ቤት ውሻ አይኖርምና ገብረሕይወት ሲነጋ ጀምሮ ቤቱን አጥቦ፣ አጥኖ፣ ኦሊቨርን የኋላ በረንዳ አስቀመጠው። ጸሎቱ ደረሰ፤ ጽዋው ተጠጣ፤ ተበላ። ቡችላው በመስታወቱ በር በኩል ሲያይ ዋለ፤ አንዴም አልጮኸም። ገብረሕይወት በሆዱ ኮራ።

ሰው ጠግቦ ጨዋታ ሲደራ እትዬ የምስራች ተነሡ። እትዬ የምስራች ሰባ ዓመታቸው ነው። ገብረሕይወት ከሱዳን በስደት አንድ ሻንጣ ይዞ እዚህ አገር ሲደርስ፣ ቻምብሊ ባለችው ሁለት ክፍል አፓርትመንታቸው አራት ወር አኑረውታል። ስምንት ሰው ነበር እዚያች ቤት የሚተኛው። የእሱን ጥዩፍነት አይተው «ተወው፣ የእናቱ ልጅ ነው» ብለው ብርጭቆ ለብቻው የለዩለት እሳቸው ናቸው። ፊት ለፊታቸው ቃል መልሶላቸው አያውቅም።

ከየሳህኑ የተረፈውን ሰበሰቡ፦ የዶሮ ወጥ መረቅ፣ የራሰ እንጀራ፣ አጥንት። መስታወቱን ከፍተው በረንዳው ላይ አስቀመጡት።

«ምነው ገብሬ፣ ይኼን ፍጡር ጠጠር ነው አሉ የምታበላው? እንካ የኔ ልጅ፣ ዛሬ እንኳን ሚካኤል ያብላህ።»

ኦሊቨር ቁጭ አለ። ሽታው አፍንጫውን እያንቀጠቀጠው፣ ለሃጩ እየወረደ፣ ሳህኑን አልነካም። በሰው እግር መሐል አሻግሮ ገብረሕይወትን አየ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ፈቃድ ይጠይቃል እንዴ!» አለ ዳኛቸው ጭኑን እየመታ። «ገብሬ፣ ማዕዱን እስክትባርክለት ነው እኮ!»

«በል እንጂ ንገረው» አሉ እትዬ የምስራች። ደግመው ወጡን አዩ፤ ከዚያ እሱን። «ምነው? የኔ ወጥ ለውሻህ አይሆንም?»

የገብረሕይወት ዓይን ፍሪጁ ላይ ሄደ። ቀዩ ጽሑፍ ካለበት ይታየዋል። አፉን ከፈተ። ግን ምን ሊል ነው? «ሽንኩርት ሐኪም ከልክሎታል» ሊል? እኒህ ሴትዮ ያንኑ ወጥ በዚያው እጃቸው አጉርሰው ከረሃብ ያወጡት ሰው፣ ዛሬ «የእጅዎ ሥራ ለውሻዬ መርዝ ነው» ሊላቸው? በአሥራ አምስት ሰው ፊት? ዳኛቸው ይኼን አንድ ዓመት ያወራዋል። ፈረንጅ ሆነ፣ ለውሻ ሆድ ጠበቃ ቆመ ይባላል። ይሉኝታ ያዘው። ትንሽ ሽንኩርት ምን ያደርገዋል፣ የስንቱ አገር ውሻ ወጥ በልቶ ኖሯል አለ በልቡ።

ኦሊቨር አሁንም ያየዋል።

«ብላ» አለው ገብረሕይወት።

ቡችላው ሳህኑን በአንድ ትንፋሽ ላሰው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሁሉም አጨበጨበ። እትዬ የምስራች «አየህ!» አሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኦሊቨር የበላውን ሳሎን ምንጣፍ ላይ መለሰው። ቀይ ዘይት፣ ያልተፈጨ እንጀራ፣ የአጥንት ስንጣሪ፣ በነጭ አረፋ ተለውሶ። ሽታው የትናንቱ ማዕድ ሽታ ሆኖ ከበሰበሰ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው። ገብረሕይወት ሁለት ጓንት ደርቦ ተንበረከከ። ዛሬ ግን የተጠየፈው ምንጣፉ ላይ ያለውን ብቻ አልነበረም። ኑሃሚን ሳትመጣ እየተጣደፈ ሲያጸዳ፣ ስንጣሪውን አንድ በአንድ ለቅሞ በሦስት ፌስታል አስሮ የጎረቤት ቆሻሻ ሥር ሲደብቅ ራሱን አየው፤ ሌባ!

«እንዴት ዋለ?» አለች ስትገባ።

«ደኅና ነው።»

ሰኞ ቡችላው አልበላም። «ብላ» ቢለው ቀና ብሎ አየውና መልሶ ተኛ። ማታ ኑሃሚን «ምን ሆኗል?» ስትለው «ሙቀቱ ነው» አላት፤ በጥቅምት።

ማክሰኞ ጠዋት ኑሃሚን ቤት ዋለች። ከንፈሩን ገልጣ ድዱን ስታይ ነጥቶ ወረቀት መስሏል። የሸናበት ጨርቅ ላይ ያለው ሽንት እንደ ኮካ ጠቁሯል። ነርስ ናት፤ ሌላ ምልክት አላስፈለጋትም። ብርድ ልብስ ጠቅልላ አቅፋው ወጣች፤ ገብረሕይወት መኪናውን ነዳ።

የእንስሳት ሐኪሟ ደም ወስዳ ተመለሰች። ደሙ እያለቀ ነው አለች፤ ቀይ ሕዋሱ እየፈረሰ ነው። «ካለፈው ሳምንት ወዲህ ከምግቡ ሌላ የበላው ነገር አለ?»

«በፍጹም» አለች ኑሃሚን። «አባቴ ነው ያሠለጠነው። ያለ አባቴ ቃል አንዲት ፍሬ አይነካም።» በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው፤ ገብረሕይወት እያንዳንዷን ቃል ሰማ። እንባዋ እየወረደ እንኳን በኩራት ነበር ያለችው።

«እንግዲያው ሰውነቱ የገዛ ደሙን እያጠቃ ሊሆን ይችላል» አለች ሐኪሟ። «ለዚያ የሚሆነውን መድኃኒት እንጀምርለት።»

ያልሆነ በሽታ ሊታከምለት ነው። ገብረሕይወት እጁን አየ፤ በበረኪና ብዛት ቆዳው ተልጧል።

«ሽንኩርት በልቷል» አለ። «ቅዳሜ። ብዙ ነው። አጥንትም አለበት። እሑድ አስመልሶታል።»

ሐኪሟ ወደ ውስጥ ሮጠች። ኑሃሚን ዞረችበት። «ማን ሰጠው? እትዬ የምስራች ናቸው አይደል? እኔ አውቀዋለሁ! እኚህ ሴትዮ—»

የማምለጫ በር ተከፍቶለታል። አንገቱን መነቅነቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ውሸትም አይሆንም። እሳቸው አይደሉ ያስቀመጡት? ይኼን ሲያስብ ራሱን በጣም ተጠየፈ፤ ምራቁ ራሱ መረረው።

«እሳቸው አስቀመጡለት» አለ። «እሱ አልበላም። እኔን አየኝ። ብላ ያልኩት እኔ ነኝ፤ መርዝ መሆኑን እያወቅሁ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ። እሑድ ሲያስመልስም ደብቄሻለሁ።»

ኑሃሚን አልጮኸችም። ብትጮኽበት ምን ነበረበት! ፊቱን አየችው፣ አንድ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ዙሪያውን፤ ከዚያ ወንበሯን ከእሱ ትንሽ አራቀች። አስተያየቱን ያውቀዋል፤ በሰው ቤት ብርጭቆ ላይ ስንት ዓመት ያየበት የራሱ አስተያየት ነው።

ኦሊቨር የሌላ ውሻ ደም ተሰጥቶት ሦስት ቀን ሰንብቶ ተረፈ። ዓርብ ማታ ቤት ሲገባ የፊት እግሩ ተላጭቶ፣ ጎኑ ገብቶ፣ ገብረሕይወትን ሲያይ ግን ጭራውን ቆላ። ኑሃሚን ራሷ ሳህኑን አቀረበችለት። «ብላ» አለችው። ቁጭ አለ። «ብላ፣ ኦሊ፣ ፕሊስ።» አልነካውም። አንገቱን አዙሮ የሳሎኑ ጥግ የቆመውን ገብረሕይወትን አየ።

ኑሃሚን ራቷን ትሪው ላይ አድርጋ ነበር። ደረጃው ሥር ቆመች።

«ንገረው» አለች፣ ሳታየው።

ገብረሕይወት ቃሉን አፉ ውስጥ ፈለገው። የቆሸሸ ነገር ሆኖ ምላሱ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሟ የግድ መብላት አለበት ብላለች።

«ብላ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ቡችላው አንድ አፍታ እንኳን አልተጠራጠረም፤ ሳህኑ ላይ ተደፍቶ መብላት ጀመረ። ገብረሕይወት ያንን ማየት አልቻለም፤ ፊቱን አዞረ። ፎቅ ላይ በሩ ሲዘጋ ሰማ።